የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሰው አገር መሣሪያ ተከራይቶ ዒላማ መተኮስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ሲሆን የምተዳደረው በዕቃ አስተላላፊነት ነው። አያቴ ጨርጨር ውስጥ አንድ አሮጌ ምንሽር ነበራቸው፤ እኔ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከማየት በቀር አንድም ቀን ተኩሼ አላውቅም። በመጪው ክረምት ከባለቤቴና ከአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ጋር በዱባይ በኩል አድርገን ላስ ቬጋስ ወደምትኖረው እህቴ እንሄዳለን። የጎብኚ ቪዛው ተሰጥቶናል። እዚያ መሣሪያ እያከራዩ ዒላማ የሚያስተኩሱ ቤቶች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ የእህቴ ባል የአሜሪካ ዜጋ ስለሆኑ «በእኔ ስም ተከራይቼ እናንተ ትተኩሳላችሁ» ብለውኛል። እንዲህ ያለውን ቦታ እንዴት ላግኝ? ልጄስ መተኮስ ይችላል? ለአባቴ ማስታወሻ የሚሆኑ ጥቂት ቀለሆች ይዤ ብመለስስ ችግር አለው?

መልስ፦ ቦታውን ማግኘት ከጥያቄዎ ሁሉ ቀላሉ ነው። በላስ ቬጋስ ከተማና በዙሪያዋ ባለው በረሃ መሣሪያ ለጎብኚ የሚያከራዩ ቤቶች ሞልተዋል፤ ደንበኛውን ከሆቴሉ ደጃፍ በመኪና ወስደው የሚመልሱም አሉ። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ስለ እነዚህ ቤቶች የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው የሚጻፈው ለአሜሪካዊ ወይም ለአውሮፓ ፓስፖርት ያዥ በመሆኑ «ፓስፖርት ይዞ መሄድ ይበቃል» ብሎ ያልፋል፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ የጎብኚ ቪዛ አስመትቶ የገባ ሰው ይህን አምኖ መሣሪያ ቢጨብጥ ግን ሳያውቀው የፌዴራል ወንጀል ፈጻሚ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቦታው በፊት ስለ ቪዛዎ እንነጋገር።

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሣሪያም ሆነ ጥይት እንዳይዙ የተከለከሉ ሰዎችን ይዘረዝራል፤ በ1998 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ለቋሚ ኑሮ ባልሆነ ቪዛ የገባ የውጭ አገር ሰው በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ተጨምሯል። የጎብኚ፣ የተማሪና የጊዜያዊ ሥራ ቪዛ በዚህ ይጠቃለላሉ። «መያዝ» ሲባል ገዝቶ የራስ ማድረግ ብቻ አይደለም፤ በተኩስ ቤቱ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ተከራይቶ በእጅ መጨበጥም መያዝ ነው። ጃፓናዊው ወይም ጀርመናዊው ጎብኚ ያለ ችግር ሲተኩስ የሚታየው ያለ ቪዛ በሚያስገባ ልዩ መርሐ ግብር ስለሚገባና ሕጉ «በቪዛ የገባ» የሚለው እሱን ስለማይመለከተው ነው። ኢትዮጵያ በዚያ መርሐ ግብር ውስጥ የለችም። ግሪን ካርድ ያለው ወገናችን ግን በዚህ ክልከላ አይያዝም፤ እህትዎ ያላቸው ይህ ከሆነ የእርስዎ ጉዳይ ከእሳቸው ጉዳይ የተለየ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ክልከላው መውጫ በር አለው። ከአሜሪካ ግዛቶች በአንዱ በሕግ የተሰጠና ጊዜው ያላለፈበት የአደን ፈቃድ ያለው ሰው በጎብኚ ቪዛ ቢገባም መሣሪያ መያዝ ይችላል። ይህን ለመጠቀም የግድ ወደ አደን መውጣት አያስፈልግም፤ ፈቃዱን የሰጠውም ተኩስ ቤቱ ያለበት ግዛት መሆን የለበትም። የሚሰጠው የየግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሲሆን የግዛቱ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ከነዋሪው የበለጠ ይከፍላል። ብዙ ግዛቶች ፈቃዱን ከመስጠታቸው በፊት የአዳኝነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ኔቫዳ ራሷ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1960 በኋላ የተወለደን አመልካች ሁሉ ትጠይቃለች። በመሆኑም ይህ ጉዳይ ላስ ቬጋስ ከደረሱ በኋላ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ አይደለምና፣ ከልብዎ የሚፈልጉት ከሆነ ገና ድሬዳዋ ሳሉ እህትዎ የየግዛቱን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አይተው የትኛው ግዛት ለውጭ አገር ጎብኚ ምን እንደሚጠይቅ ያጣሩልዎት። ፈቃዱ ከተገኘ ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ መያዝ አለበት፤ ጥንቃቄ ያለው ተኩስ ቤት ሁለቱንም አይቶ ቅጂ ያስቀራል።

የእህትዎ ባል ያቀረቡት ሐሳብ በቅንነት የቀረበ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም እንዳይቀበሉት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ተከራዩ ማንም ይሁን ማን፣ መሣሪያውን በእጅዎ የያዙት እርስዎ ነዎት፤ እሳቸውም መያዝ የማይፈቀድልዎ መሆኑን እያወቁ በመስጠታቸው ይጠየቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ሕግ ወዲህ ይህ ጥፋት እስከ 15 ዓመት እስራት ያስቀጣል። አንዳንድ ቤቶች ፓስፖርቱን ብቻ አይተው ስለ ቪዛው ሳይጠይቁ ያስገባሉ። የእነሱ አለመጠየቅ የእርስዎን ጥፋት አያስቀረውም፤ እንዲህ ያለውን ቤት እኔ የምቆጥረው እንደ ቸር ሳይሆን እንደ ግዴለሽ ነው።

የእኛን አካባቢ ሰው በተለይ የሚመለከት ሌላም ነገር አለ። ተኩስ ቤቶቹ ከመግባትዎ በፊት የሚያስፈርሙት ቅጽ የተከለከለ ዕፅ ይጠቀሙ እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል። በድሬዳዋና በሐረር ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ መቀመጥ ወግ ነው፤ ማንም በዕፅ ተጠቃሚነት አይቆጥረውም። በአሜሪካ ሕግ ግን በለጋው ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተመዘገበው ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ ነው፤ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ መሣሪያ እንዳይዝ የሚለው ድንጋጌም በዚያው በ1968ቱ ሕግ ውስጥ ይገኛል። ለእህትዎ ከአወዳይ እስር ጫት ይዞ መሄድ በአሜሪካም ሆነ በምትሸጋገሩባት በዱባይ ወንጀል መሆኑን መቼም ያውቃሉ። ከዚያ ባሻገር ቅጹ ላይ ሐሰት አይፈርሙ፤ በእውነት ሲመልሱ የሚያስከለክልዎ ሆኖ ከተገኘ መተኮሱ ይቅር።

ስለ ልጅዎ የጠየቁት ከሁሉ ይበልጥ አሳስቦኛል። በመጀመሪያ ደረጃ ልጁም በጎብኚ ቪዛ የሚገባ የውጭ አገር ሰው ስለሆነ ለእርስዎ የነገርሁዎት ክልከላ እሱንም ይይዘዋል። ከሕጉ ውጪ ያለውንም እናስብ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 በአሪዞና በረሃ በሚገኝ የጎብኚዎች ተኩስ ሜዳ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአንድ ምላጭ ስበት በተከታታይ የሚተኩስ ኡዚ ተሰጥቷት፣ የመሣሪያው ምት ከአቅሟ በላይ ሆኖ አፈሙዙ ወደ ላይና ወደ ጎን ሲዞር አጠገቧ የቆመው አሠልጣኝ በጥይት ተመትቶ ሞቷል። ወላጆቿ እዚያው ነበሩ፤ አሠልጣኙም ልምድ የሌለው ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የነበረው ከልጅቷ ክንድ ጋር የማይመጣጠን መሣሪያ መመረጡ ላይ ነው። ተከታታይ ተኳሽ መሣሪያ ለልጅ ቀርቶ ለጀማሪ አዋቂም የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን እሱ ነው።

ለልጅዎም ለእርስዎም የሚሆን ሕጋዊ መንገድ አለ። በአየር ግፊት የሚተኩስ ጠመንጃ እርሳሱን የሚወረውረው በባሩድ ፍንዳታ ስላልሆነ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ «የጦር መሣሪያ» በሚለው ትርጉም ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ የአደን ፈቃድ የሌለው በቪዛ የገባ ጎብኚም በፌዴራሉ ሕግ አይከለከልም። ይህን የልጆች መጫወቻ ነው ብለው እንዳይንቁት፤ ከኦሎምፒክ የዒላማ ውድድሮች አንዱ የሚካሄደው በ10 ሜትር ርቀት፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ጥይት በሚተኩስ የአየር ጠመንጃ ነው። አተነፋፈስን ገትቶ፣ ምላጩን በቀስታ ስቦ፣ ከሳንቲም ያነሰ ነጥብ መምታት ምን ማለት እንደሆነ አሥራ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ የሚማርበት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። እህትዎ ሲያፈላልጉ የአየር ጠመንጃ ክፍል ያለው ቤት እንዳለ ለይተው ይጠይቁ።

በመንገድዎ ላይ ያለችውን ዱባይንም አይርሱ። ዱባይ ውስጥ የጀበል ዓሊ ተኩስ ክለብ፣ ሻርጃ ውስጥ ደግሞ የሻርጃ ጎልፍና ተኩስ ክለብ አባል ያልሆነ ጎብኚን በአሠልጣኝ አጠገብ ያስተኩሳሉ። የአሜሪካው የቪዛ ክልከላ እዚያ የለም፤ ክለቦቹ የሚጠይቁት መታወቂያና ዕድሜን ነው፣ በየጊዜው የሚለወጥ ደንብም ስላላቸው አስቀድሞ መደወል ያስፈልጋል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የመጀመሪያዋን ጥይት ለላስ ቬጋስ ሳይሆን ለዚያ ባቆየኋት ነበር።

ቦታ ሲመርጡ የእንግሊዝኛውን «ሹቲንግ ሬንጅ» የሚለውን ቃል ከከተማው ስም ጋር በካርታ መተግበሪያ ላይ ቢያስገቡ ዝርዝሩ ይመጣልዎታል። በዝርዝሩ ውስጥ የአባላት ክለቦችና የፖሊስ ልምምድ ሜዳዎችም ተቀላቅለው ስለሚመጡ ለእንግዳ የሚያከራየውን ለመለየት ደብዳቤ መጻፍ ይሻላል። በደብዳቤው ውስጥ የፓስፖርትዎን አገር፣ የቪዛዎን ዓይነት ከነስሙና ተኩሰው የማያውቁ መሆንዎን በግልጽ ጽፈው ይቀበሉ እንደሆነና ለእያንዳንዱ ተኳሽ አንድ አሠልጣኝ ይመደብ እንደሆነ ይጠይቁ። በጽሑፍ የመጣውን መልስ አትመው ይያዙት። በአሜሪካ ብዙ ቤቶች ብቻውን ለመጣ ሰው እንደማያከራዩ ማወቅም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱ በጭንቀት ላይ ያለ ሰው ራሱን እንዳይጎዳበት መጠንቀቅ ነው፣ ቅር ሊያሰኝ አይገባም። ሒሳቡን በተመለከተ የመተኮሻው ቦታ፣ የመሣሪያው ኪራይና ጥይቱ ለየብቻ ሊታሰቡ ስለሚችሉ፣ ጥይቱንም ከእነሱው መግዛት ግዴታ ስለሚሆን፣ ጠቅላላውን ድምር አስቀድመው ይጠይቁ።

እውነተኛ ጥይት የሚተኩሱ ከሆነ «ነጥብ 22» በሚባለው ትንሽ ጥይት ይጀምሩ፤ ምቱ ቀላል ስለሆነ ዓይንን ሳይጨፍኑ ማነጣጠርን ያስተምራል። ጥሩ አሠልጣኝ መጀመሪያ አንዲት ጥይት ብቻ ያጎርስልዎታል፣ ሁለተኛዋን የሚጨምረው አያያዝዎን ካየ በኋላ ነው። ጠመንጃው ባዶ ነው ቢባልም እንደ ጎረሰ ይቁጠሩት፤ አፈሙዙ ከዒላማው አቅጣጫ አይዙር፣ ጣትዎም ለመተኮስ እስኪወስኑ ድረስ ምላጩ ላይ አይረፍ። የድሬዳዋ ሰው ሙቀቱን ለምዶ ሰንደል ይጫማል፤ እዚያ ግን የተሸፈነ ጫማና አንገቱ የተዘጋ ሸሚዝ ያድርጉ፤ ከመሣሪያው ተፈናጥሮ የሚወጣው ቀለህ ትኩስ ስለሆነ በደረት በኩል ከገባ ሰው ደንግጦ አፈሙዙን ያዞራል። ባለቤትዎ ሻሽ ወይም ሂጃብ የሚያደርጉ ከሆነ የጆሮ መከላከያው ከጨርቁ በላይ ሲደረግ በደንብ አይገጥምምና ከሥሩ ለስላሳውን የጆሮ መድፈኛ ጨምረው ይድፈኑ። የአንድ ተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ስለሚያልፍ ጆሮን ለመጉዳት አንዱ ብቻ ይበቃል።

በመጨረሻ የቀለሆቹ ነገር። አባትዎን ለማስደሰት ማሰብዎ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ይተዉት። ከዓመታት በፊት ከእስያ ስመለስ በጃኬቴ ኪስ አንድ ባዶ ቀለህ ረስቼ ነበር። የተነሣሁበት አውሮፕላን ማረፊያ ምንም አላለኝም፤ በመሸጋገሪያው ግን ሦስት ሰዓት ያህል ቁጭ አድርገው ሲጠይቁኝ ቀጣዩ በረራዬ አመለጠኝ፣ የያዝኩት ባዶ ባይሆን ኖሮ በዚያ እንደማላበቃ መርማሪው በግልጽ ነገረኝ። በአሜሪካ ፍተሻ ባዶ ቀለህ ያልፋል፤ የሚያልፉባቸው ሌሎች አገሮች ግን በአሜሪካ ደንብ አይመሩም። እ.ኤ.አ. በ2024 በካሪቢያን በሚገኙት የተርክስና ካይኮስ ደሴቶች ጥቂት ጥይቶች ሻንጣቸው ውስጥ የተገኙባቸው አሜሪካውያን ጎብኚዎች ዝቅተኛው ቅጣቱ 12 ዓመት እስራት በሆነ ሕግ ተከሰዋል፤ አንዳንዶቹ ከአደን የተረፈ ጥይት ረስተን ነው ያሉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ተኩሰው ሲወጡ ኪስዎን ሁሉ ያራግፉ፣ የለበሱትንም ልብስ ከበረራው በፊት ያጥቡ፤ የባሩድ ብናኝ በአውሮፕላን ማረፊያ የፈንጂ መመርመሪያ ላይ ሊታይ ይችላል። ለአባትዎ የበሱትን የወረቀት ዒላማ ጠቅልለው ያምጡላቸው። ቀኑንና ርቀቱን ጽፈውበት ከአያትዎ ምንሽር አጠገብ ቢሰቀል ከቀለህ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ መምህርት ነኝ። ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ፕራግ ልንሄድ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ ማታ ማታ ተኩስ ቤት ለመሄድ ወስነዋል። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጆሮዬን በደንብ ከሸፈንሁ ብሄድ ይጎዳኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይሂዱ። በቼክ አገር የመሣሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው በተኩስ ቤት ውስጥ በአሠልጣኝ ቁጥጥር ሥር እንዲተኩስ ስለሚፈቀድ ለባልደረቦችዎ መንገዱ ክፍት ነው፤ የእርስዎ እንቅፋት ግን ከሕግ ሳይሆን ከጤና የሚመጣ ነው። የጆሮ መከላከያው የሚሸፍነው የእናቲቱን ጆሮ ብቻ ነው፤ ከፍተኛ ድምፅ በሆድ በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፣ በአራተኛው ወር ገና በመሠራት ላይ ያለውን ጆሮ መከላከያው አይከልልለትም። ሌላው እርሳስ የሚባለው ብረት ነው። ጥይቱም፣ ጥይቱን የሚያቀጣጥለው ካፕሱልም ብዙ ጊዜ እርሳስ ያለበት ስለሆነ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲተኮስ ብናኙ አየር ላይ ይቀራል፤ እርሳስ በእናት ደም በኩል ወደ ፅንስ ያልፋል፣ የሚጎዳውም የሚያድገውን አእምሮ ነው። ከመስተዋት ጀርባ ቆሞ መመልከትም ቢሆን የአየር ማናፈሻውን ጥራት ስለማናውቅ አይመከርም።

ለባልደረቦችዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ተኩስ ቤት ውስጥ እያሉ አይብሉ፣ አይጠጡ፣ ሲጋራም አያጭሱ፤ ሲወጡ እጃቸውንና ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ሆቴል ሲደርሱም ልብስ ይቀይሩ፣ ከእርስዎ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድሩ ባልደረባ ካሉ ይህ የግድ ነው። ሲገቡ ደግሞ የመውጫውን በር ይዩ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 በደቡብ ኮሪያ ቡሳን ከተማ አንድ የቤት ውስጥ ተኩስ ቤት በእሳት ተያይዞ 15 ሰዎች ሞተዋል፣ ከእነሱም የሚበልጡት ጃፓናውያን ጎብኚዎች ነበሩ። ሳይቃጠል የሚቀር ባሩድ ወለሉ ላይ ሲከማች አደገኛ ስለሆነ ወለሉ የቆሸሸ፣ የባሩድ ሽታው ደጅ ድረስ የሚመጣ ቤት ከሆነ ሳይከፍሉ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ በሕግ የተፈቀደልኝ ሽጉጥ አለኝ። ውጭ አገር በኪራይ ከምተኩስ የራሴን ይዤ ብሄድስ?

መልስ፦ የአገር ውስጥ ፈቃድዎ ድንበር አያሻግርም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የተሰጠዎ ፈቃድ በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ መሣሪያን ከአገር ማውጣትም ሆነ ወደ ሌላ አገር ማስገባት ለየብቻው የሁለቱን መንግሥታት ፈቃድና የአየር መንገዱን ስምምነት ይጠይቃል፤ በመሸጋገሪያው አገርም ሕግ ይታያል። ለአንድ ከሰዓት ዒላማ ይህን ሁሉ መጀመር አይገባም። ሽጉጥዎን ፈቃዱ በሚያዝዘው መሠረት በሚቆለፍ ቦታ አስቀምጠው ይሂዱ፤ ሻንጣዎንም ከመዝጋትዎ በፊት የሽጉጡ ቦርሳ፣ የጥይት ማስቀመጫና የቆየ ጃኬት ኪስ ውስጥ የቀረች ጥይት እንዳትኖር አንድ በአንድ ይፈትሹ።